የምርምር ምስሎቻችሁን በምን ታደራጃላችሁ? ፎልደር፣ ላይትሩም፣ ዲጂካም፣ ትሮፒ፣ ዞቴሮ እና ኦሜሮ ሲነጻጸሩ

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ አማካሪዬ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ካለች አንዲት ፎቶ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ?» ብሎ ጻፈልኝ። ፎቶዋ የአንድ ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ናት። ያነሳኋት እኔ፣ ያለችውም እኔው ላፕቶፕ ላይ። ከየትኛው ሣጥን፣ ከየትኛው መዝገብ እንደወጣች ግን ከስሟም ከመልኳም አይገኝም። ይባስ ብሎ ፎቶዎቹን ከስልኬ ወደ ላፕቶፑ ያሻገርኳቸው በመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ ስለነበር የተነሱበት ቀን ከውስጣቸው ተጠርጎ ወጥቷል። 3,800 ፎቶ ስገላብጥ አራት ቀን ሄደ። በመጨረሻ የደረሰልኝ አውራ ጣቴ ነው። በፎቶዋ ጥግ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት ጣቴ ይታያል፤ ጣቴን የቆረጥኩበትን ሳምንት አስታወስኩ፤ በዚያ ሳምንት ያየኋቸው ሣጥኖች ደግሞ ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የምስል ማደራጃ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ የማነጻጽራቸው እነሱን ነው፤ መለኪያዬ ግን ከዚያች ፎቶ የመጣ ነው። ፎቶዋ አልጠፋችም ነበር፤ የጠፋው የሣጥኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መሣሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የሣጥኑን ቁጥር የት ያስቀምጥልኛል? መሣሪያውን ትቼ ስሄድስ ቁጥሩን ይዤ መውጣት እችላለሁ? የመልኩና የፍጥነቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

መጀመሪያ፣ «አንድ ምስል» እናንተ ዘንድ ምንድን ነው?

ይህን ሳይመልሱ ሶፍትዌር የሚያወርዱ ሰዎች ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሶፍትዌር ሲያወርዱ አያለሁ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

የታሪክ ተመራማሪ አርባ ገጽ ያለውን ሰነድ አርባ ጊዜ ያነሳል። ለእሱ አርባዎቹ ፎቶዎች አንድ ነገር ናቸው፤ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ቢጻፍ ለአርባዎቹም ይበቃል። የሥነ ጥበብ ተመራማሪም እንዲሁ ነው፤ የአንድ ሥዕል ሙሉ ገጽታ፣ ዝርዝሩ፣ ጀርባውና ፍሬሙ አራት ፋይል ሆነው አንድ ሥራ ናቸው። ለመስክ ተመራማሪ ግን እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ማስረጃ ነው፤ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ከምስሉ እኩል ዋጋ አላቸው። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚሠራው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ አንዱ ፋይል በውስጡ በርካታ የቀለም ቻናሎች፣ የጥልቀት ንብርብሮችና የጊዜ ነጥቦች ይይዛል፤ አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮሜትር እንደሆነ ካልታወቀም ምስሉ ለመለካት አይረባም።

ለአንዱ የተሠራ መሣሪያ ለሌላው እሾህ ነው። አርባ ገጹን ሰነድ የፎቶግራፍ አንሺዎች ሶፍትዌር ውስጥ ካስገባችሁት አርባ የማይተዋወቁ ፎቶዎች አድርጎ ይደረድርላችኋል።

ፎልደር፣ የፋይል ስም እና ሰንጠረዥ

ምስሎቻችሁ ጥቂት መቶ ከሆኑና የምትሠሩት ለብቻችሁ ከሆነ ከዚህ በላይ ምንም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ይህን ስል የሚያፍሩ ሰዎች አሉ፤ አዲስ ሶፍትዌር ካልተጫነ ሥራ የተጀመረ አይመስላቸውም። ፎልደርና ሰንጠረዥ ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አላቸው፤ የሚዘጋ ኩባንያ፣ የሚቋረጥ ክፍያ፣ የሚበላሽ ዳታቤዝ የለባቸውም።

ነገሩ የሚሰምረው ግን ስም አወጣጡ ላይ ነው። እኔ አሁን የምጠቀምበት መልክ ይህ ነው፦ «2023-05-14_ሣጥን07_መዝገብ03_ገጽ012»። ቀኑ ከዓመት የሚጀምረው ለወግ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ስሞቹን ሲደረድር የዘመን ቅደም ተከተላቸውም አብሮ እንዲስተካከል ነው። ዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደንብ፣ አይኤስኦ 8601፣ የሚያዘውም ይህንኑ ነው። «012» ላይ ያለችው ዜሮም ሥራ አላት። ብዙ ፕሮግራሞች ስምን የሚደረድሩት ፊደል በፊደል ስለሆነ ዜሮ ከሌለ ገጽ 10 ከገጽ 2 ቀድሞ ይመጣል። ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ነጥብና እዝባር (/) አታስገቡ። በጣም እንዳይረዝምም ተጠንቀቁ፤ ዊንዶውስ ከነፎልደሮቹ ስም ከ260 ፊደል በላይ የሆነ አድራሻ ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ አልቀዳም፣ አልከፍትም ይላል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየከተቱ ሰባት ደረጃ የሚወርዱ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ሊቀዱ ሲነሱ ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ምስል ወይም ሰነድ አንድ ረድፍ ይሰጣል፦ የፋይል ስም፣ ምንጭ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ማን እንዳነሳው፣ የመጠቀም ፈቃድ። ኤክሴል ጥሩ ነው፤ በአማርኛ ለምትጽፉ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሰንጠረዡን በሲኤስቪ (ማንኛውም ፕሮግራም በሚያነበው ተራ ጽሑፍ) ስታስቀምጡ ከአማራጮቹ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጣችሁ ፊደሎቹ ተመልሳችሁ ስትከፍቱት የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቆያችኋል። እሱን ደግሞ ምንም ነገር አይመልሰውም።

የዚህ መንገድ ድካሙ የሚታየው ሲበዛ ነው። አንድ ፎቶ ሁለት ፎልደር ውስጥ መኖር አይችልም፤ «ደብዳቤዎች» ውስጥ ይግባ ወይስ «የ1935 ሰነዶች» ውስጥ? ሁለቱም ጋር ልቅዳው ካላችሁ የትኛው ዋናው እንደሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ማን ያውቃል? ሌላው፣ አንድ ቀን ሥራ ፈትታችሁ ፋይሎቹን «በተሻለ ስም» ከጠራችኋቸው ሰንጠረዡና ፎልደሩ ያንን ቀን ተለያዩ። አንዴ የወጣ ስም አይለወጥም፤ የሚጨመር ነገር ካለ ሰንጠረዡ ላይ ይጨመር።

የስልክና የክላውድ አልበሞች

ጎግል ፎቶስና መሰሎቹ ለማሻገሪያ ጥሩ ናቸው፤ ለማኖሪያ ግን አልመክርም። በጎግል ነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይሉና ከድራይቩ ጋር የጋራ ነው፤ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ደግሞ በተቀነሰ ጥራት የሚጫን ፎቶም ከዚያው ላይ ይቆጠራል። ከቦታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ፎቶዎቻችሁን በጅምላ ስታወርዱ እዚያው የጻፋችሁት መግለጫ ከፎቶው ጋር ሳይሆን ጎኑ ባለ ሌላ የጄሰን (ለፕሮግራም የተዘጋጀ ጽሑፍ) ፋይል ተለይቶ ይመጣል፤ ሁለቱን መልሶ ማገናኘት የፕሮግራም ሥራ ነው።

ለዚህ ነገር ፒካሳን ማስታወስ ይበቃል። በጊዜው ብዙ ሰው ፎቶውን በእሱ ያደራጅ ነበር፤ ነፃ፣ ፈጣን፣ ደስ የሚል። በ2016 ጎግል ድጋፉን አቋረጠ። ፎቶዎቹ የትም አልሄዱም፤ የአልበም አደረጃጀታቸው ከፕሮግራሙ ጋር ታስሮ የቀረባቸው ሰዎች ግን ነበሩ።

ስለ መልእክት መላላኪያዎችም እግረ መንገዴን ልናገር። «ፎቶ» ተብሎ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ የተነሳበት ቀንና ቦታም ከውስጡ ይወጣል። «ፋይል» ወይም «ሰነድ» ተብሎ ከተላከ እንዳለ ይደርሳል። ኬብል ካላችሁ በኬብል አሻግሩ።

ላይትሩም፣ ብሪጅ እና ዲጂካም፦ የፎቶግራፍ አንሺዎች መንገድ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ የሚጠቅማችሁ ይህ ክፍል ይመስለኛል።

የምስል ፋይል ከምስሉ ሌላ ጽሑፍ መያዝ ይችላል። ካሜራው ራሱ የሚጽፈው ኤክዚፍ ይባላል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የካሜራው ዓይነት፣ ጂፒኤስ ካለም ቦታው እዚያ ነው። ሰው የሚጽፈው መግለጫ፣ ቁልፍ ቃል፣ የባለቤት ስምና የቅጂ መብት ደግሞ አይፒቲሲ እና ኤክስኤምፒ በሚባሉ ደንቦች መሠረት እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ኤክስኤምፒን አዶቢ በ2001 አወጣው፤ በ2012 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል። ስለዚህ «ሣጥን 7፣ መዝገብ 3» ብላችሁ ፋይሉ ውስጥ ከጻፋችሁ ፎቶው ወደ ማንኛውም ኮምፒውተር ሲሄድ ጽሑፉን አዝሎ ይሄዳል። በሌላ ሶፍትዌርም ይነበባል።

የላይትሩም ክላሲክ ችግር እዚህ ላይ ነው። መግለጫችሁን የሚያስቀምጠው ካታሎግ በሚለው የራሱ ዳታቤዝ ነው፤ ወደ ፋይሎቹ በራሱ እንዲጽፍ የሚያዘው ምርጫ ሲጫን ጀምሮ የተዘጋ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ካልከፈታችሁት ሁለት ዓመት የጻፋችሁት ቁልፍ ቃል ሁሉ ያለው አንድ የካታሎግ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፎቶዎቹን ብቻ ቀድታችሁ ለባልደረባ ብትሰጡ ባዶአቸውን ይደርሳሉ። ይህን አዝራር ከከፈታችሁ ግን ላይትሩም በብዙ ሺህ የሚቆጠር የመስክ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግሩም ነው፤ ማጣሪያው ፈጣን፣ እርማቱም ዋናውን ፋይል የማይነካ። በየወሩ ይከፈልበታል። ክፍያው ሲቋረጥ ካታሎጉን ከፍቶ ማየት ቢቻልም ማረሚያው ክፍል ይዘጋል።

ብሪጅ የዚያው የአዶቢ ነው፤ ካታሎግ ግን የለውም። ፎልደሩን እንዳለ ያነባል፤ የምትጽፉትንም ቀጥታ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። የአንድ ሣጥን ፎቶዎችን በሙሉ መርጦ በአንዴ ስም መቀየርና ተመሳሳይ መግለጫ መለጠፍ ሲያስፈልግ ከእሱ የሚቀለኝ አላገኘሁም። በብዙ ሺህ ፎቶ ውስጥ ፍለጋ ላይ ግን ይንፏቀቃል።

ዲጂካም ነፃና ክፍት ኮድ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ እየተሠራ ያለ፣ በሊነክስም በዊንዶውስም በማክም የሚሄድ። መግለጫውን ዳታቤዙ ውስጥም ፋይሉ ውስጥም እንዲጽፍ፣ ወይም ፋይሉን ሳይነካ አጠገቡ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል እንዲያኖር ማዘዝ ትችላላችሁ። ቁልፍ ቃሎቹን እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ ያደራጃል፦ ቦታ፣ ከቦታ ሥር ክፍል፣ ከክፍል ሥር ጉድጓድ። ገጽታው ግን ሰው በብዛት እንደሚኖርበት ቤት ነው፤ የቱንም በር ብትከፍቱ ሌላ ክፍል አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየሁ፣ ክፍያውን ሌላ ሰው ለሚከፍልለት ላይትሩም ይመቻል፤ ምርምሩ አምስት ዓመት የሚቆይና ኪሱ የራሱ ለሆነ ሰው ዲጂካም ይሻላል።

ትሮፒ፦ ለሰነድ አንሺዎች

ትሮፒ የተሠራው እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክና አዲስ ሚዲያ ማዕከል፣ የምንጭ ማደራጃውን ዞቴሮን ያወጣው ያው ቤት፣ በ2017 ያወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። መሠረቱ «ዕቃ» ነው፤ አርባዎቹን ገጾች መርጣችሁ ታዋህዷቸዋላችሁ፣ አንድ ዕቃ ይሆናሉ፣ መግለጫውን አንድ ጊዜ ትጽፋላችሁ። የደብዳቤ ቅጽ አለው፤ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀን፣ ሣጥን፣ ፎልደር ብሎ ይጠይቃችኋል። ካልተስማማችሁ የራሳችሁን ቅጽ ትሠራላችሁ። የፎቶው አንድ ጥግ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ማኅተሙን፣ ከልላችሁ ለብቻው ማስታወሻ ትጽፉበታላችሁ። ደብዳቤውን እያያችሁ ጎኑ ላይ ትገለብጡታላችሁ፤ የገለበጣችሁት በፍለጋ ይገኛል። የጠመመ ፎቶ ማቃናት፣ የጨለመ ማብራት ይችላል፤ ዋናውን ፋይል ግን አይነካም።

ቅጾቹ የሚመሩት በደብሊን ኮር ነው፤ ይህ ለማንኛውም ዕቃ መግለጫ የሚሆኑ 15 መሠረታዊ መደቦች ያሉት ደንብ ነው። ስሙን ሰምቶ አየርላንድ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ደብሊን የተባለችው በ1995 ስብሰባው የተካሄደባት የአሜሪካዋ የኦሃዮ ከተማ ናት። ጥቅሙ፣ ሥራችሁን አንድ ቀን ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለዲጂታል ስብስብ ብታስረክቡ «ፈጣሪ»፣ «ቀን»፣ «መብት» የሚሉትን መደቦቻችሁን ያለ ትርጉም ይረዷቸዋል።

ድክመቱም አለ፣ ትንሽ አይደለም። ትሮፒ መግለጫውን ፎቶው ውስጥ አይጽፍም፤ የሚኖረው ፕሮጀክቱ ውስጥ ነው። በእኔ መለኪያ ይህ ሊያስጥለው በተገባ፤ የሚያድነው መውጫው ክፍት መሆኑ ነው። በጄሰን ይወጣል፣ በተቀጥላ በሲኤስቪም ይወጣል፣ ኦሜካ ወደተባለው የኤግዚቢሽን ማተሚያም ይላካል። እኔ በየወሩ መጨረሻ ሲኤስቪውን አውጥቼ ከፎቶዎቹ ጋር አኖራለሁ። ሌላው፣ እንደ መረጣችሁት የፕሮጀክት ዓይነት ፎቶዎቹን ወይ ቀድቶ ይይዛቸዋል ወይ ያሉበትን አድራሻ ብቻ ይመዘግባል። አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ ፎልደሩን ያንቀሳቀሳችሁ ቀን ፎቶዎቹ ይጠፉበትና ሂዱና አሳዩኝ ይላችኋል። ደግሞም የአንድ ሰው መሣሪያ ነው፤ ሦስት ሆናችሁ እኩል ልትጽፉበት ካሰባችሁ ተዉት።

ዞቴሮ ለምስል ይበቃል?

«ዞቴሮ አለኝ፣ ለምን ሌላ ልጨምር?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዞቴሮ ከ2006 ጀምሮ ያለ የምንጭ ማደራጃ ነው፤ ምስልን እንደ ማንኛውም ፋይል ያያይዛል፣ «የጥበብ ሥራ» የሚል መደብም አለው፣ የግርጌ ማስታወሻውንም ራሱ ይጽፍላችኋል። ጽሑፋችሁ ውስጥ የሚገቡት ምስሎች ሃያ ወይም ሠላሳ ከሆኑና ከሙዚየም ድረ ገጽ ወይም ከመጽሐፍ የተገኙ ከሆነ ዞቴሮ ይበቃል። ፎቶዎችን በትንሹ ደርድሮ በዓይን ለማነጻጸር ግን አልተሠራም፤ የምትፈልጉትን የምታገኙት በርዕሱ እንጂ በመልኩ አይደለም። ነፃ የሚሰጠው የማመሳሰያ ቦታም 300 ሜጋባይት ነው፤ ጥሩ ጥራት ያላቸው ፎቶዎች ከመቶ ሳያልፉ ይሞላል።

ስለዚህ ትሮፒ ወይስ ዞቴሮ የሚለው ሙግት ብዙ አይገባኝም። የሰበሰባችሁት ጥሬ ነገር ትሮፒ ውስጥ፣ የምትጠቅሱት ዞቴሮ ውስጥ። ሁለቱ ካልተምታቱ ይስማማሉ።

ማይክሮስኮፕና ኦሜሮ

ይህ የእኔ ሙያ ስላልሆነ አጠር አደርገዋለሁ። የማይክሮስኮፕ አምራቾች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፋይል ዓይነት አላቸው፤ ወደ ጄፔግ ከተቀየረ በውስጡ ያለው መለኪያና ቻናል ይቀራል። ኦሜሮ የሚባለው ክፍት ኮድ ሥርዓት ባዮ-ፎርማትስ በተባለው መክፈቻ ከ150 በላይ የሚሆኑ የፋይል ዓይነቶችን እንዳሉ ያነባል፣ ለቡድን አባላት እንደየፈቃዳቸው ያሳያል፣ የለካችሁትንና የከለላችሁትን ከምስሉ ጋር ያኖራል። ሰርቨር ይፈልጋል፤ ሰርቨሩን የሚንከባከብ ሰውም ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ለአንድ ተማሪ ኦሜሮ መጫን መርከብ ገዝቶ ወንዝ መፈለግ ነው። ፊጂ እና ኢሜጅጄ ከዚህ ጋር አይምታቱባችሁ፤ እነሱ መተንተኛ ናቸው እንጂ ማደራጃ አይደሉም።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀሩ

ዋናው ፋይል አይነካም። ፎልደሩን ማንበብ ብቻ እንዲቻል አድርጋችሁ ቆልፉት፤ የሚቆረጠው፣ የሚበራው፣ ቀስት የሚገባበት ሁሉ ቅጂው ላይ ይሁን። ጄፔግ በታረመና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ቲፍ ያለ ጉዳት ይቀመጣል፣ ይከብዳል እንጂ።

ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤልሳቤት ቢክና ሁለት ባልደረቦቿ በ2016 ባወጡት ጥናት ከ1995 እስከ 2014 በ40 ጆርናሎች የታተሙ 20,621 ጽሑፎችን በዓይን መርምረው ከመቶ 3.8 በሚሆኑት ውስጥ ችግር ያለባቸው ምስሎች አገኙ። ከእነዚህ ቢያንስ ግማሾቹ ሆን ተብሎ የተደረገ የሚመስል ምልክት ነበራቸው። እኔን የሚያሳዝኑኝ የቀሩት ናቸው። አንዱን ምስል ሁለት ቦታ ያስገባ ሰው ሁሉ አታላይ አይደለም፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ውስጥ የተወናበደም ይኖርበታል። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ዋናውን አምጣ ሲባል የሚያመጣው የለውም። የሴል ባዮሎጂ ጆርናል ከ2002 ጀምሮ የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስል ሳይመረምር አያትምም፤ ማብራት ከሆነ ሙሉውን ምስል እኩል ማብራት፣ አንድ ጥግ ብቻ ማድመቅ ግን አይፈቀድም የሚለው ልማድም ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ጆርናሎች ገብቷል።

ቅጂ ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ ከቤት ወይም ከቢሮ ውጭ። ክላውድ የሚያመሳስል ፎልደር ብቻውን መጠባበቂያ አይባልም፤ እዚህ ስትሰርዙ እዚያም ይሰረዛል።

በአማርኛ ቁልፍ ቃል ለምትጽፉ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ አለ። «ሥዕል»፣ «ስዕል» እና «ስእል» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለፍለጋው ግን ሦስት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። እኔ «ሐውልት» እና «ሀውልት» እያቀያየርኩ ጽፌ ግማሹን ፎቶ ለወራት የለኝም ብዬ ኖሬአለሁ። የቃላት ዝርዝር በአንድ ገጽ አዘጋጁ፤ የትኛው ሆሄ እንደሚጻፍ ወስኑ፤ ከዚያ ከዝርዝሩ እየቀዳችሁ ለጥፉ። ስህተት የሆነውን ሆሄ ብትመርጡም ግድ የለም፣ ሁልጊዜ ያው ይሁን።

የመጠቀም ፈቃድ ምስሉን ባገኛችሁበት ቀን ይመዝገብ። ለጥናት ማንሳት መፈቀዱ ለማሳተም ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ሁለት ዓምድ ስጧቸው። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚሰጠው) ያለው ምስል ከሆነ የትኛው ዓይነትና ስንተኛ ዕትም እንደሆነ ጻፉ፤ ለንግድ የማይፈቅደውና የሚፈቅደው በሁለት ፊደል (NC) ነው የሚለያዩት። ሰው የሚታይባቸው ምስሎች፣ ብርቅ እንስሳ ወይም ጥበቃ የሌለው የቁፋሮ ቦታ የሚያሳዩም ከሆኑ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ጂፒኤሱን ከቅጂው አውጡ። ፋይሉ አዝሎት የሚሄደው ጽሑፍ እናንተን እንደሚጠቅም ሁሉ አዳኙንም ይጠቅማል።

ሥራው ሲያልቅ ምስሎቹን ዜኖዶ በሚባለው የምርምር ማኖሪያ ድረ ገጽ ማኖር ይቻላል። የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ በ2013 የከፈተው ነው፤ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ ይቀበላል፣ ለጥቅስ የሚሆን ቋሚ መለያ፣ ዲኦአይ፣ ይሰጣል። ፈቃዱ የእናንተ ያልሆነውን ምስል ግን እዚያ አትጫኑ።

እንግዲህ የትኛው?

ከጥቂት መቶ ያልበለጠ ምስል ላለው ፎልደርና ሰንጠረዥ፣ ካስፈለገም ዞቴሮ። ቤተ መዛግብት ውስጥ ሰነድ ለሚያነሳ ያለ ጥርጥር ትሮፒ። በመስክ ብዙ ሺህ ፎቶ ለሚያነሳ ዲጂካም፣ ወይም መጻፊያው አዝራር የተከፈተ ላይትሩም። ለማይክሮስኮፕ ቡድን ኦሜሮ፣ ሰርቨር ጠባቂ ካለ ብቻ። በጋራ ለሚሠሩ ሦስት አራት ሰዎች የጋራ ሰንጠረዥና ጥብቅ የስም ደንብ ከብዙ ሶፍትዌር ይሻላቸዋል፤ ደንቡን የሚጠብቅ አንድ ነዝናዛ ሰው ይመረጥ።

ምርጫው ከተቸገራችሁ ሃምሳ ምስል ወስዳችሁ በሁለት መሣሪያ አደራጁ፤ ከዚያ ሁሉንም አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። መግለጫው አብሮ የመጣው ያሸንፋል። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

እኔ አሁን የምሠራው በትሮፒ ነው፤ ግን ከትሮፒም በፊት የምጀምረው በአንድ ፎቶ ነው። ሣጥን በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ የማነሳው የሣጥኑን መለያ ወረቀት ነው፣ ከዚያ የፎልደሩን ሽፋን፣ ከዚያ ሰነዶቹን። ሶፍትዌሩ ቢጠፋ እንኳ ፎቶዎቹ በተነሱበት ቅደም ተከተል ከተቀመጡ ወደ ኋላ ስመለስ ሣጥኑ ይነግረኛል። ጣቴን ግን አሁንም ከጥጉ ማስወጣት አልቻልኩም።